ፊልሙን ያረምሁበት እሑድ

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ሰው ፊልም ዝም ብሎ ማየት አይችልበትም። ይህን የምለው ልመካ ብዬ አይደለም። በዜማ ቤት ተማሪው ያዜማል፤ መምህሩ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ አንዲት ድምፅ ከቦታዋ ስትናወጥ እጁን አንሥቶ ያቆመዋል። ተማሪው ይመለስና ያንኑ ይደግማል። እኔ እንዲህ ተማርሁ፤ በተራዬም እንዲሁ አስተማርሁ። ከዚህ የተነሣ ጆሮዬ አንድ ጠባይ ይዞ ቀርቷል። የቀናው ሁሉ ሳይሰማኝ ያልፋል፤ የተሳሳተው ብቻ ይወጋኛል።

ወደ ጁባ ያመጣኝ ልጄ ነው። እርሱ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ሲሆን ሚስቱ በአንድ ባንክ ትሠራለች፤ ቤታቸው ሎሎጎ በሚባል ሰፈር ነው። እናቱ ካረፈች በኋላ ብቻዬን እንዳልቀር ብሎ ወሰደኝ። በዚህ ከተማ ያለው ምእመናችን ጥቂት ስለሆነ ትንሽ የተማረ ሁሉ ይፈለጋል። ክህነት ባይኖረኝም ሰዎች የኔታ ይሉኛል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉም ከሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ያስቀምጡኛል። አንደኛው ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ሁለተኛው በአንድ የአየር መንገድ ቢሮ የቆየ ሰው ነው። ሽምግልናችን አንድ የማይሻር ደንብ ነበረው። ከሁለቱ አንዱን ለብቻ የሰማ ሽማግሌ ጆሮው ወደ አንድ ወገን ያጋድላል ስለምንል፣ ባልንና ሚስትን የምንሰማው ሁልጊዜ ፊት ለፊት አስቀምጠን ነው። በዚህ ደንብ እኮራበት ነበር። ፍትሕ ማለት ይህ ነው ብዬም አስተምርበት ነበር።

ዝናቡ እንደ ጀመረ አንዲት ሴት መጥታ ከግቢያችን በስተኋላ ያለውን ክፍል ከልጄ ተከራየች። በአንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ የምትሠራ፣ ከምራቴ ጋር በቤተ ክርስቲያን የምትተዋወቅ ሴት ናት። ባሏ ሀይ ጀላባ በሚባለው የንግድ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ቤታቸው ማንጋቴን የሚባል ሰፈር ነው። የተጋቡት በቁርባን ነው። ጥላው እንደ ወጣች ባልዬው ወደ እኛ መጣ፤ ጉልበቴን ስሞ፣ «የኔታ፣ ትዳሬን መልሱልኝ» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሁለቱንም ጠርተን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። በአባታችን ሆይ ከፈትን። እርሱ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ጥፋት ካለበትም እንደሚክስ ተናገረ። እርሷን ስንጠይቃት ወደ እርሱ አየች፤ ከዚያ ወደ መሬት።

«አልመለስም» አለች።

«ምክንያትሽን ንገሪን እንጂ ልጄ።»

«አልመለስም ብያለሁ፤ ሌላ ምን ልበል?»

ሥራ ተቋራጩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ይህቺ እልኸኛ ናት» አለኝ። እኔም በልቤ ተስማማሁ። የፍልሰታ ጾም እስኪፈታ እንድታስብበት ጊዜ ሰጥተን ተበተንን።

በዚያ ሰሞን በወጣቶቻችን መካከል ስለ አንድ የአማርኛ ፊልም ክርክር ተነሥቶ ነበር። ፊልሙ የአንዲት የቤተ ክርስቲያን ልጅ ትዳርና የአስታራቂ ሽማግሌዎቿ ታሪክ ነው። ግማሾቹ ምእመናንን የሚሳደብ ነው ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ እውነት ነው ይላሉ። የኔታ ይፍረዱልን እያሉ ያስቸግሩኝ ጀመር። ስለዚህ ሴትዮዋ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ «የኔታ፣ ያንን ፊልም አብረን ብናየው ደስ ይለኛል» ስትለኝ፣ ለዳኝነቱ እንዲመቸኝ ያሰበችልኝ መሰለኝ። ከወጣቶቹ አንዱ ልኳት ይሆናል ብዬም ጠርጥሬያለሁ።

ከሰዓት በኋላ በልጄ ሳሎን ተቀመጥን። ልጄ ከከተማ ውጭ ለሥራ ወጥቶ ነበር። ሴትዮዋ ፊልሙን በፍላሽ ይዛ መጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካች፤ ሪሞቱን ይዛ ከአጠገቤ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምራቴ ልብስ እያጣጠፈች ከኋላችን ነበረች። የጎረቤት ጄኔሬተር ስለሚጮኽ ድምፁን ከፍ አደረጉልኝ።

ብዙም ሳይቆይ እጄን አነሣሁ።

«አቁሚው እስቲ።»

አቆመችው።

«ይህ ዐቢይ ጾም ነው አይደል? በፊልሙ ያለችው ሴት አሁን ጾሙ ሲገባ ብላለች። ታዲያ ይህ ከበሮ ምንድን ነው? በዐቢይ ጾም ከበሮም ጸናጽልም አይነሣም።»

«እሺ የኔታ» አለችና ለቀቀችው።

ጥቂት ሄዶ ዲያቆኑ በቅዳሴ መካከል ወንጌል ሲያነብ አሳዩ። እንደገና አስቆምሁ። ወንጌል የሚያነብ ካህኑ መሆኑን፣ ዲያቆኑ የሚያነብበት ክፍል የትኛው እንደሆነ አስረዳሁ። ከዚያ መቋሚያ የያዙት ሊቃውንት አቋቋማቸው ተሳሳተ። ከዚያ አስታራቂው ሽማግሌ ጫማውን ሳያወልቅ ደጀ ሰላሙን አልፎ ገባ። በእያንዳንዱ ላይ እጄን አነሣሁ፤ ሴትዮዋም በእያንዳንዱ ላይ ታግሣ አቆመችው።

ምራቴ ከኋላዬ ሳቀች። «አባባ፣ ፊልሙ እኮ አጭር ነው። በእርስዎ እርማት ግን ፋሲካ ሳይደርስ አያልቅም!»

«የማያውቁትን ለምን ይሠራሉ? የሚጠይቁት ሰው አጥተው ነው?»

«ሌላ ጊዜ እርስዎን በአማካሪነት ይቅጠሩዎታ! ደሞዙንም በዶላር።»

እኔም ሳቅሁ። ሴትዮዋ አልሳቀችም፤ እኔ ግን ይህን ያስተዋልሁት በኋላ፣ ነገሩን መልሼ ሳስበው ነው።

የፊልሙ የሽምግልና ክፍል ደረሰ። ባልዬው ወንበር ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን፣ ሚስቲቱ ከበሩ አጠገብ ቆማ። እኔ በዚያ ሰዓት ልቤ በሽማግሌው ጫማ ላይ ነበር። ሴትዮዋ ምስሉን በራሷ ፈቃድ፣ እኔ ሳልጠይቃት አቆመችውና ወደ እኔ ዞረች።

«የኔታ፣ ሴትዮዋንስ እንዴት አዩአት?»

ምስሉን ትክ ብዬ አየሁት። «እርሷም ብትሆን ነጠላዋን ያለ ወጉ ነው ያጣፋችው። ቤተ ክርስቲያን የመጣች ሴት መስቀለኛ ታጣፋለች። ይህቺ ጥለቱን ወደ አንገቷ አውጥታዋለች፤ ይህ የሐዘንተኛ ነው። ማን ሞተባት?»

«የምትሸፍነው ነገር ኖሯት ቢሆንስ?»

«ለሐዘን ካልሆነ በቀር ጥለት ወደ ላይ አይወጣም» አልኋት። በመምህርነት ድምፅ ነው ያልኋት።

ጥቂት ጊዜ አየችኝ። ከዚያ፣ «እሺ የኔታ» ብላ ፊልሙን ለቀቀችው። ምራቴ ልብሱን ማጣጠፍ አቁማ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጣቶቹን ሰብስቤ ስለ ፊልሙ ተናገርሁ። ከበሮውን፣ ወንጌሉን፣ መቋሚያውን፣ ጫማውን፣ ነጠላውን ተራ በተራ አነሣሁ። ትንሹን ሥርዓታችንን እንኳ ጠይቆ ያልተረዳ ሰው የልባችንን እንዴት ሊያውቅ ይችላል አልሁ። ምእመንን ያለ ርኅራኄ የሚፈርድ፣ የሴት እንባ የማይገባው አድርገው መሣላቸው ከዚሁ አለማወቅ የመጣ ነው አልሁ። አጨበጨቡልኝ። ሳቁም፤ በተለይ ስለ ጫማው ስናገር። ሴትዮዋ ከሴቶቹ በስተኋላ ቆማ ትሰማ ነበር።

ሰኞ ማለዳ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ክፍሌ በር መጣች።

«የኔታ፣ ወደ ቤቴ ልመለስ ነው። ይጸልዩልኝ።»

ደስ አለኝ። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ ደስ አለኝ። እግዚአብሔርን አመሰገንሁ፤ ለሁለቱ ሽማግሌዎችም ደወልሁ። የአየር መንገዱ ሰው፣ «ጾሙ እንኳን ሳይፈታ! የርስዎ ጸሎት ነው የኔታ» አለኝ። እኔም አይደለም አላልሁትም።

ምራቴ ግን ከሥራ መጥታ ወሬውን ስትሰማ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። በእኔ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ያን ቀንም አላደረገችም። ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያቺ ፊልሙ ላይ ያለችው ሴት መጨረሻዋ ምን ሆነ?»

አሰብሁ። ከበሮው ትዝ አለኝ። ዲያቆኑ ትዝ አለኝ። የሽማግሌው ጫማ ቀለም ሳይቀር ትዝ አለኝ። ሴትዮዋ ግን የት እንደ ደረሰች አላውቅም።

«ታርቃ ይሆናል» አልሁ።

«ይሆናል?» አለች። ዓይኗ ቀላ። «በመስቀል አስምላኝ ስለነበር ነው ዝም ያልሁት። ለየኔታ ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ በአፌ ባልችል የማሳያቸው ነገር አለ ብላኝ ነበር። እኔም መንገሯን እጠብቅ ነበር። እዚህች ሳሎን ውስጥ፣ ከጎንዎ ተቀምጣ ነገረችዎ እኮ!»

በማግስቱ ምራቴ ሥራ ከመሄዷ በፊት ፊልሙን ከመጀመሪያው አስጀምራልኝ ወጣች። ቤቱ ባዶ ነበር። ሪሞቱን ከእጄ አርቄ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሁት፤ ምንም ቢሳሳቱ ላላስቆም ለራሴ ቃል ገባሁ። ከበሮው ተመታ፤ አለፈ። ዲያቆኑ አነበበ፤ አለፈ። ዝም ማለት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ስለ እኛ የተሠሩ ፊልሞችን ከዚያ በፊት ጥቂት አይቻለሁ። በአብዛኛዎቹ ውስጥ ምእመን ወይ ቂል ነው ወይ ግብዝ፤ በቀን መስቀል የሚሳለም፣ ሲመሽ የሚሰርቅ። እንዲህ ያለውን ሥዕል ማየት ለእኔ ቀላል ነበር፤ እኔ እንዲያ እንዳልሆንሁ ስለማውቅ ተቆጥቼ እነሣለሁ፤ ቁጣዬም ንጹሕ መስሎ ይሰማኛል። የዚህ ፊልም ሽማግሌ ግን ክፉ ሰው አልነበረም። ድምፁ ለስላሳ ነው። ከመናገሩ በፊት ይጸልያል፤ ሴትዮዋን ልጄ ይላታል፤ ስለ ትዳር ክቡርነት ሲናገር ራሱ ያለቅሳል። የሚናገረው ሁሉ በመጽሐፍ ያለ ነው። አንድ ነገር ብቻ አያደርግም። ምን እንደ ደረሰባት አይጠይቃትም። እንዴት አስቆጣሽው ብሎ ይጠይቃታል፤ ባሏ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ። እርሷም ከመመለሷ በፊት ባሏን ታያለች፤ ከዚያ ወደ መሬት። ነጠላዋን በአንገቷ ላይ ታጠብቀዋለች፤ ጥለቱ ወደ ላይ የወጣውም ስለዚህ ነው። ሠሪዎቹ አልተሳሳቱም። ሴትዮዋ ሐዘንተኛ አለመሆኗን ከእኔ ይልቅ ያውቁ ነበር።

በዚህ ጊዜ የማንጎው ዛፍ ሥር ትዝ አለኝ፤ ያንኑ ዓይን እዚያ አይቼዋለሁ። ሴት ስትፈራ እንዴት እንደምታይ አይቼ፣ እልኸኛ ናት የተባለውን በልቤ ያጸደቅሁ እኔ ነኝ። በመጽሐፍ አንድ ነቢይ ወደ ንጉሥ ገብቶ ስለ አንድ ድሀ ሰው በግ ታሪክ ሲነግረው ንጉሡ ስለ ራሱ እንደሆነ አላወቀም፤ ቢሆንም በታሪኩ ውስጥ ስላለው ግፍ ተቆጣ። ይህን ትርጓሜ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። እኔ ግን ከንጉሡ አነስሁ፤ ግፉን አይቼ እንኳ አልተቆጣሁም፤ የነቢዩን አነጋገር አረምሁ። ያን ያህል ተምሬ ያገኘሁት ፍሬ ይህ ሆነ።

ፊልሙ ሲያልቅ በውስጡ ያለችው ሴት የት እንደ ደረሰች አየሁ። እዚህ አልጽፈውም።

ምራቴ ባሏ መስክ ላይ ስለሆነ ብቻችንን ለመሄድ ፈርታ ነበር፤ ሆኖም ዓርብ ከሥራ አስፈቅዳ መጣችና ራክሻ ተሳፍረን ወደ ማንጋቴን ሄድን። ዝናብ ጥሎ ስለነበር መንገዱ ቀይ ጭቃ ነበር፤ ባለ ሦስት እግሯ ተሽከርካሪ እየተንሸራተተች ወሰደችን። እስከ ዓርብ የቆየሁት ለምን እንደሆነ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሁለቱን ሽማግሌዎች ላማክር እያልሁ፣ ምን ይሉኝ ይሆን እያልሁ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

በሩን የከፈተልን ባልዬው ነው። እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ።

«የኔታ! ምነው ሳይደውሉ? መኪና እልክ አልነበር? ይግቡ፣ ይግቡ።»

«እንዴት ናችሁ ልጄ?»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ሁሉ ሰላም ነው። በእናንተ ጸሎት ቤቴ ሞላልኝ።»

ከሁሉ የሚሻለውን ወንበር ሰጠኝ። እርሷ ውኃ ይዛ መጣች። በዚያ ሙቀት እጅጌው እስከ አንጓዋ የሚደርስ ሹራብ ለብሳ ነበር። ብርጭቆውን ስትሰጠኝ ፊቴን አላየችም።

ብርጭቆውን ሳልጠጣ አስቀመጥሁት። «ልጄ፣ ከባለቤትህ ጋር ለብቻችን እንነጋገራለን። አንተ ጥቂት ውጭ ቆይልን።»

ሳቀ። «የኔታ፣ ባልና ሚስት ለየብቻ አይሰሙም ያሉን እኮ እርስዎ ነዎት።»

«አዎን፣ እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነበር።»

«ሌሎቹ ሽማግሌዎች ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ምራቴ ከበሩ ጎን ስልኳን በእጇ ይዛ ቆማ ነበር። እርሷንም እኔንም ካየ በኋላ ወጣ፤ ከውኃው ጋን አጠገብ ቆሞ ስልክ መደወል ጀመረ። ለማን እንደሚደውል አውቄያለሁ።

ወደ ሴትዮዋ ዞርሁ።

«ልጄ፣ ምን ደረሰብሽ?» አልኋት።

«ዛሬ ነው የሚጠይቁኝ?» አለች። ቁጣ አልነበረበትም፤ በእውነት እንደሚገረም ሰው ነው ያለችው።

ከዚያ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች። ከክርኗ በታች የጠቆረ ምልክት ነበር፤ እየደበዘዘ ያለ፣ የከረመ። ከዚያ ከፍ ብሎ ግን ቀይና ያበጠ ሌላ ነበር። የቱን መጠየቅ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር፤ ጣቴ ግን ወደ ቀዩ ሄደ።

«ይህኛውስ?»

«የረቡዕ ነው» አለች።

ወደ እርሱ የተመለሰችው ሰኞ ነው። የከረመው ምልክት ያለ እኔ የመጣ ነበር። የረቡዕ ግን በማን በኩል እንደ መጣ ሌላ ሰው ሊነግረኝ አያስፈልግም።

ምራቴ ወደ ጓዳ ገብታ ቦርሳ አመጣች፤ ሁለቱ ሴቶች ሳይነጋገሩ ልብስ ሞሉበት። ባልዬው ስንወጣ ባየ ጊዜ ስልኩን ሳይዘጋ ወደ እኛ መጣ።

«የቁርባን ትዳር ሊያፈርሱ ነው? እርስዎ? የኔታ?»

«አንተ አፈረስኸው፤ እኔም አገዝሁህ» አልሁት። በመካከላቸው ቆምሁ። ሽማግሌ ስለሆንሁ ሊገፋኝ አልደፈረም። ጎረቤቶች ብቅ ብቅ ማለት ስለ ጀመሩም ይሆናል።

በራክሻው ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ከኋላ ተቀመጡ፤ ሹፌሩ ለእኔ ከጎኑ ቦታ ለቀቀልኝ። ሹፌሩ በጁባ ዓረብኛ ስለ ጭቃው ሲያማርር ቆየ። ወደ ሎሎጎ ስንቃረብ ዞር አልሁ።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

ወደ መንገዱ እያየች ነበር።

«ዛሬ አልችልም የኔታ» አለች።

እኔ ካስታረቅኋቸው ሰዎች ማንም ይቅር ለእግዚአብሔር ሳይል ከመቀመጫው ተነሥቶ አያውቅም። ያዘገየ ሰው ሲያጋጥመኝ ስለ ክርስቶስ እያልሁ፣ መሐላ እያወረድሁ፣ መስቀል እያስያዝሁ አስገድጄአለሁ። ለዚያ የሚሆነውን ቃል ሁሉ በዚያች ሰዓት አጥቼው አይደለም፤ ምላሴ ላይ ነበር። ወደ ፊቴ ዞሬ ተቀመጥሁ።

አሁን በግቢያችን በስተኋላ ባለው ክፍል ትኖራለች። ነገሩን የቤተ ክርስቲያናችን ካህን ይዘውታል፤ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ግን በአንድ ወንበር አንቀመጥም፤ አድልቷል ብለውኛል። ወጣቶቹም ስለ ጫማው ያልሁትን እስከ አሁን እየደገሙ ይስቃሉ፤ በሚመጣው እሑድ ሰብስቤ ያልሁትን ልመልስ አስቤአለሁ፤ እርሷን ሳላነሣ እንዴት እንደምናገረው ገና አላገኘሁትም። ጠዋት ጠዋት ለሥራ ስትወጣ በክፍሌ ደጃፍ ታልፋለች።

«እንዴት አደሩ የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንቺስ ልጄ?»

«ይመስገን» ትልና ትሄዳለች። ይቅርታን ሁለተኛ አልጠየቅኋትም።